ፉል በበሶብላ

ከኡምዱርማን የወጣን ቀን ድስቱ እሳት ላይ ነበር። ከባድ መሣሪያው ሰፈሩን ያርሰዋል፣ የጎረቤት ቆርቆሮ ተገንጥሎ ግቢያችን ውስጥ ወድቋል፣ የጭነት መኪናው መንገድ ዳር ሞተሩን ሳያጠፋ ክላክስ ያስጮኻል። ወንድሜ ይበልጣል ደግሞ ድስቱ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ፣ "አያ፣ ባቄላው እኮ ትንሽ ነው የቀረው" ይለኛል። ፀሐይዋ ልትገባ ነው። ከመሸ ደግሞ የሚያወጣን ሰው የለም።

"ተነስ!" አልኩት። ጭራሽ ተመቻችቶ ተቀመጠ። እናንተ አገር ቤት ቁይ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ተነስ ሲሉት የሚቀመጥ፣ ተቀመጥ ሲሉት የሚነሳ ፍጥረት ነው። ሱዳን እንዳትመጣ ብዬ ስለላክሁበት ነው ሱዳን የመጣው። ሁለተኛው ፍንዳታ አጥራችንን ሲደረምሰው በጥፊ አጮልኩት፣ ክንዱን ይዤ ጎተትኩት። እየተጎተተም ድስቱን አልለቀቀም። በፈረሰው አጥር ተሻግሮ ለሽማግሌው ጎረቤታችን ለሐጂ ዑስማን አስረክቦ ነው መኪናው ላይ የወጣው። "ሐጂ፣ እሳቱን ቀንስበት" አላቸው። ከተማው እየነደደ እሳት ቀንስ!

ለማታውቁን ልንገራችሁ፤ እዚያ ፉል ቤት ነበረን። የሱዳን ፉል እዚህ እንደምትበሉት እንዳይመስላችሁ። ባቄላው አንገቷ ጠባብ በሆነች ድስት ቀስ ብሎ ሲበስል ያድራል፣ ከዚያ በለስላሳ ጠርሙስ ቂጥ ይደቆሳል፣ ሲምሲም የሚሉት የሰሊጥ ዘይት ይፈስበታል። ይበልጣል ደግሞ ማንም ያላዘዘውን፣ እማየ ከቁይ በመንገደኛ የምትልክልንን ደረቅ በሶብላ ጨመረበት። እኔ ተው አልኩ። ደንበኞቹም መጀመሪያ ላይ "ያ ሐበሺ፣ ይህ ሣር ምንድን ነው?" እያሉ በጣታቸው ያወጡት ነበር። ቆይቶ ያለ ሣሩ አንበላም አሉ። በዚያ ሁሉ ኡምዱርማን፣ በዚያ ሁሉ ሱዳን፣ ፉል ላይ በሶብላ የሚነሰንስ እሱ ብቻ ነው። ይህቺን ነገር ያዙልኝ።

ገዳሪፍን አልፈን ድንበሩ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን፣ ጎህ ሲቀድ፣ ታጣቂዎች መንገዱን በግንድ ዘግተው ጠበቁን። የማን እንደሆኑ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ የጠየቃቸውም የለም። ሾፌሩ ወረቀቱን ሊያሳያቸው እጁን በመስኮት ሲያወጣ ፊቱን በጥይት አሉት። እኛ ከላይ እየዘለልን ሰሊጥ እርሻ ውስጥ ገባን። ሰሊጡ ደርቋል፤ ሰው በሮጠ ቁጥር ይንኮሻኮሻል፣ እነሱም ወደተንኮሻኮሸበት ይተኩሳሉ። ከፊቴ የነበረች ልጅ ያዘለች ሴት ወደቀች፣ ልጁ ጮኸ፣ ከዚያ ልጁም ዝም አለ።

ይበልጣል ከእኔ በግራ በኩል ርቆ ሲሮጥ አየሁት። "ተመለስ!" ብዬ ጮህኩ። ዞሮ አየኝ፤ ዓይን ለዓይን ተያየን። "ይበልጣል! ተመለስ! ተመለስ!" ጀርባውን ሰጥቶኝ እግሬ አውጪኝ አለ። በዚያ ሁሉ ጥይት መሀል ያንገበገበኝ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ዛሬም አልታዘዝም ማለቱ! ስሙን ዳግመኛ ልጠራ አፌን ስከፍት አንዱ ከጎኔ ደርሶ በሰደፍ አፌን አለኝ። የፊት ጥርሶቼ እዚያው ሰሊጥ ውስጥ ቀሩ። ስነቃ ፀሐይዋ ወጥታ ነበር። የወደቁትን እየገለበጥኩ አየሁ፤ እሱ የለም። ድንበሩን ተሻግሬ መተማ ላይ እየጠበቅሁ ከረምኩ። አልመጣም።

ቁይ ስገባ እማየ ሁለት ሰው ስትጠብቅ አንድ፣ ያውም ጥርስ የሌለው መጣላት። ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ አለቀሰች። አልቅሳ ስትጨርስ ምን አለችኝ መሰላችሁ? "ያ ልጅ በሕይወት ካለ ድስት ሥር ነው ያለው። ባዶ እጁን ደግሞ ቁይ አይገባም፣ ያፍራል። ደብረ ማርቆስ ተደብቆ ለሰው ወጥ እየሠራ ይሆናል። ሂድና ድስቱን ሁሉ ቅመስ።" የእናት ነገር! ግን እውነቷን ነው፤ ከሱዳን የሚመለሰው ሁሉ ልብስ እስኪለውጥ እየተባለ ደብረ ማርቆስ ላይ ይቀር ነበር። ስለዚህ ሄድኩ።

ደብረ ማርቆስ መጀመሪያ የተቀበለኝ ብርዱ ነው። ኡምዱርማን ላይ በረዶ ገዝተን የምንጠጣ ሰዎች እዚህ ሰማዩ በነጻ ይወረውርብናል። ሁለተኛው ቀበሌ ነው። መታወቂያ ፈልጌ ሄድኩ፤ ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ጋቢውን የተከናነበ ሰውዬ ቀና ብሎ አየኝ።

"ከየት ነው የመጣኸው?"

"ከኡምዱርማን።"

"መሸኛ አምጣ።"

"ከየት?"

"ከነበርክበት ቀበሌ ነዋ።"

"ጌታዬ፣ የነበርኩበት ቀበሌ ተቃጥሏል።"

"መቃጠሉን የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይሰጡሃላ!"

"ማኅተሙም ተቃጥሏል። ማኅተም የሚመታውም ሰውዬ ተቃጥሏል።"

ትንሽ አሰበ። "እንግዲያ" አለኝ ከልቡ አዝኖ፣ "ተተኪ ሠራተኛ እስኪመደብ ጠብቅ።" ሳቄ መጣ፤ ስስቅ ድዴ ታየ። ሰውዬው ደንግጦ "በስመ አብ!" አለ።

አከራዬ እትየ ውዴ ደግሞ በራቸውን ግማሽ ከፍተው መረመሩኝ። "ሚስት አለህ?" የለኝም። "ልጅ?" የለኝም። "ጠጪ ነህ?" አይደለሁም። "ጥርስህን ታዲያ ምን አደረግኸው?" "ሱዳን ረስቼው መጣሁ፣ እትየ።" ከት ብለው ሳቁና ገባ በል አሉኝ። ከመንገድ ዳር ያለችውን ክፍላቸውን ሱቅ አደረግኋት፤ አዲስ አበባ የገባ አጎቴ የተወልኝን ዘይት፣ ሳሙና፣ መኮሮኒና ጨው ደረደርኩባት። ቁልፉን ሲሰጡኝ እትየ ውዴ አንድ ነገር ብቻ አሉኝ፤ "ተኩስ ሲጀመር ከግንቡ ጀርባ ተኛ። የፊተኛው ግድግዳ ጭቃ ነው፣ ጥይት አይመልስም።" አከራይ ስለ ውኃና መብራት ነው የሚያስጠነቅቅ፤ የእኔዋ ስለ ጥይት። ከጦርነት ሸሽቼ የት እንደመጣሁ ያኔ ገባኝ።

እንግዲህ የሰፈሩን ምግብ ቤቶች ልንገራችሁ፤ ከእኔ በላይ የቀመሳቸው የለም። እገባለሁ፣ አዛለሁ፣ አንድ ጉርሻ እወስዳለሁ፣ ከዚያ ተነስቼ አንገቴን ወደ ማዕድ ቤቱ አሰግጋለሁ። ሁለተኛ ጉርሻ ሳልወስድ ወጣሁ ማለት ወንድሜ እዚያ የለም ማለት ነው። ሰዉ ይህን ከየት ይወቀው? የገቢዎች ሰው ነው ተብሎ ተወራብኝ። አንዱ ጋ ስገባ አስተናጋጁ ወደ ጓዳ "መጡ! መጡ!" ብሎ ሲጮኽ ጌትየዋ በጓሮ በር ስትሮጥ አይቻለሁ። ማምለጥ እንዲህ ነው እንጂ! እኔ ሰሊጥ ውስጥ የእሷን ግማሽ አልሮጥኩም።

ደመላሽ የሚባል ሥጋ ቤት አለ፤ ደንበኛው ሁሉ ቢላዋ ይዞ ነው የሚቀመጠው። ጥርስ ለሌለው ሰው ቁርጥ ማየት ብቻ ነው፤ እኔ ደመላሽ ጋ የምሄደው መረቁን ልጠጣ ነው። አንድ ቅዳሜ ሁለት ጓደኛሞች ምሳቸውን ጨርሰው "እኔ ልክፈል" "እኔ እያለሁማ አትከፍልም" ተባባሉ። በመጀመሪያ እጅ ተያያዙ። ቀጥሎ ሸሚዝ ተቀዳደደ። አንደኛው "ናቅኸኝ!" ብሎ ሳህኑን ሌላኛው ግንባር ላይ ሰበረው፤ ደሙ አዋዜው ላይ ተንጠባጠበ። የተፈነከተው ሰውዬ ደሙን በእንጀራ እየጠረገ አሁንም "በእናትህ ሞት እኔ ልክፈል" ይላል። ሱዳን ውስጥ ሰው ለመዝረፍ ሲፈነካከት ነበር የማውቀው፤ የኛ አገር ሰው ለመጋበዝ ይፈነካከታል። ደመላሽ ሁለቱንም እንደ ቆሎ ጆንያ ከደጅ ወረወራቸው። ሒሳቡን ማን እንደከፈለ አላውቅም።

ፉል ቤቶቹስ? ተዉኝ! ቲማቲም፣ እንቁላል፣ ቃሪያ፣ ደግሞ እርጎ፤ ባቄላው ከሥር ታፍኖ የሚያየው የለም። ዩኒቨርሲቲው በር አካባቢ ያለው አንዱ ባቄላውን ሳያበስል ነው የሚያቀርብ። በቀሩኝ መንጋጋዎች ብነክሰው ቀጭ አለ። "ይህን ባቄላ ለማን ነው የምትተኩሰው?" አልኩት። ባለቤቱ ልጅ አይደለም፣ የጎረምሳ አባት ነው፤ አልሳቀም፣ መጥረጊያውን አነሳ። ጥርስ ስለሌለኝ ምላሴ እንደልቧ ትወጣለች፤ ያን ቀን ልታስገድለኝ ነበር።

የምወደው የእትየ ጥሩወርቅን ሽሮ ቤት ነበር። ሽሮዋ እየተንተከተከ በሸክላ ይመጣል፣ እሷም ከጎን ቆማ "ብላ እንጂ፣ ምን ታፈጣለህ?" ትላለች። እዚያ ሁልጊዜ ከአንድ ባለባጃጅ ጋር ነበር የምቀመጥ፤ አለኸኝ ይባላል። ወንድሜን እንደምፈልግ ስለነገርኩት በየደረሰበት ድስት ያጠያይቅልኝ ነበር። አንድ የገበያ ቀን በጠራራ ፀሐይ ተኩስ ተነሳ። ከየት ወደየት እንደሆነ አይታወቅም፤ መስኮቱ ረገፈ፣ ሁላችንም ወለል ላይ ተኛን። ምድጃው ላይ የነበረው ትልቁ ድስት በጥይት ተበስቶ ሽሮው እንደ ቧንቧ መፍሰስ ጀመረ። እትየ ጥሩወርቅ በደረቷ ተኝታ "ኧረ ድስቴን!" ትላለች። አለኸኝ ጠረጴዛ ሥር ሆኖ ጉርሻውን አልጣለም። "ሙላት፣ ፈሰሰልህ፣ ቂጣህን አቅርብለት" ብሎ አሳቀኝ። ትንሽ ቆይቶ ጋብ ሲል ተነሳን። አለኸኝ አልተነሳም። ጉርሻው እጁ ውስጥ ነበር። ሬሳውን በራሱ ባጃጅ ነው የወሰድነው። ሽሮ ቤቱ ከዚያ ወዲህ አልተከፈተም።

ከቀብሩ በኋላ መቅመሱን ተውኩት። ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ ጨው እሸጣለሁ፣ እማየ ስትደውል "እየፈለግሁ ነው" እላለሁ። ወደ ሌላ ከተማ የምሄድበትም መንገድ በተኩሱ ተዘግቷል። እትየ ውዴ ናቸው ያስነሱኝ። "ከመናኸሪያው ጀርባ አንዲት ሴት ፉል ጀምራለች" አሉኝ፣ "ጥሩ ነው፣ ግን ምን ሣር እንደምትጨምርበት እንጃ።"

ሱቁን ሳልዘጋ ሮጥኩ። ማስታወቂያ የሌላት የሸራ ቤት ናት። አዘዝኩ። መጣ። ገና ከመቅረቡ ሽታው አንገቴን ያዘኝ፤ የሰሊጥ ዘይት፣ ላዩ ላይ በሶብላ። ቀመስኩ። ሁለተኛ ጎረስኩ። ሦስተኛ ጎረስኩ። ከዚያ ጠረጴዛውን ገልብጬ ጓዳ ገባሁ።

"ይበልጣል!"

ጓዳ ውስጥ ባቄላ የምትደቁስ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። የእጇን አንጓ ጨበጥኩት። "የት ነው? የት ደበቅሽው?" "ልቀቀኝ! ኧረ የሰው ያለህ!" ብላ በያዘችው ጠርሙስ ጭንቅላቴን አለችኝ። ጠርሙሱ አልተሰበረም፤ እኔ ተሰበርኩ። ደሜ ዓይኔን ሞላው። በላተኞቹ ደግሞ ሌባ መስያቸው ገብተው በእርግጫ ይወቅጡኝ ጀመር። መሬት ተኝቼ የሚወጣልኝ ቃል አንድ ብቻ ነው፤ "በሶብላው! በሶብላውን ማን አስተማረሽ?" እየተደበደበ ስለ በሶብላ የሚጠይቅ ሌባ አይተው አያውቁም መሰል፣ እግራቸው ቆመ።

ሴትየዋ ጎንበስ ብላ ፊቴን አየችው። "ይበልጣል አያ የሚለው አንተ ነህ?" አለች። "የሰሊጡ እርሻ?"

ፋንታየ ትባላለች። በነጠላዋ ጭንቅላቴን እያሰረች ነገረችኝ። እሷም ከሱዳን ስትሸሽ ገዳሪፍ ላይ የተፈናቀለ ሁሉ የተጠለለበት ትምህርት ቤት ውስጥ ነበረች። ከዕለታት አንድ ቀን ትከሻው በጥይት የተበሳ አንድ ጎጃሜ በጭነት መኪና መጣ። "ተኛ ስንለው ይነሳል፣ ተነስ ስንለው ይተኛል" አለች። እሱ ነው! አቤት፣ እንዴት እንዳለቀስኩ! ደሙና እንባው ተቀላቀለ። ቁስሉ ሳይደርቅ ለሁሉም ፉል ይሠራ ነበር አለች፤ እሷንም ያስተማራት እሱ ነው። ኪሱ ውስጥ በተረፈችው በሶብላ።

"ታዲያ አሁን የት ነው?" አልኳት።

እጇ ጭንቅላቴ ላይ ቆመ። "ተመለሰ።"

"ወዴት?"

"ወደ ኡምዱርማን። ለመንነው፣ እግሩ ላይ ወደቅን። 'ወንድሜ ተመለስ ብሎኛል' አለ። 'አያ ጥይት መሀል ሆኖ ሁለቴ ሦስቴ ተመለስ ብሎ ጮኸብኝ። ቤታችን ሆኖ ይጠብቀኛል ማለት ነው። ዕድሜ ልኬን አልታዘዝኩትም፣ ይችን እንኳ ልታዘዘው' አለና ሄደ።"

ተመለስ! ወደ እኔ ማለቴ ነበር እኮ! ሰሊጡን ሰንጥቀህ ወደ እኔ ዙር፣ አብረን እንሙት ወይ አብረን እንለፍ ማለቴ ነበር። እሱ ወደ መጣህበት ሂድ ብሎ ሰማው። ቃሉ ሁለቱንም ነው፤ እኔ አንዱን ላክሁ፣ ሌላው ደረሰው። እንቢ አለኝ ብዬ ስቆጣበት የኖርኩት፣ ከተወለደ ለመጀመሪያ ጊዜ የታዘዘኝ ያኔ ነው። የፋንታየን ምድጃ ግንብ በጡጫ መታሁት፣ ጣቶቼ እስኪላጡ መታሁት፤ ማንም አልያዘኝም።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ስልክ ሆነ። የሐጂ ዑስማንን ቁጥር በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ኔትወርክ ሲኖር እዚህ እዚያ የለም፣ እዚያ ሲኖር እዚህ የለም። አንድ ከሰዓት በኋላ ፋንታየ ቤት ተቀምጬ ስሞክር ጠራ። ተነሳ።

"ሐጂ! ሙላት ነኝ!"

"ያ ወለዲ! በሕይወት አለህ?" አሉ በዐረብኛቸው፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ከጀርባቸው የሚፈነዳ ነገር ይሰማል። "ወንድምህ እዚህ ነው እኮ! ቤታችሁ ግማሹ የለም፣ ሸራ ወጥሮበት ለሰፈሩ ሁሉ ባቄላ ይቀቅላል። ውጣ ይሉታል፣ አያ ይመጣል እያለ እምቢ ይላል። አሁን ውኃ ሊቀዳ ወርዷል፤ እሳቱን ቀንስ ብሎኝ ነው የሄደው።"

"ሐጂ፣ ሲመጣ ንገሩት፣ በጌታ ይሁንብዎ..." አልኩ። ምን ልበል? ተመለስ ልበል? በዐረብኛ ኢርጃዕ ብላቸውም ያው ነው፤ ያም እንደኛው ወዲህም ወዲያም ነው። "በአማርኛ ንገሩት" አልኳቸው። "አንድ ቃል ነው። ና።"

"ናዓም?" አሉኝ። 'ና' ያልኩት 'ናዓም' መስሏቸው ነው፤ በእነሱ ቋንቋ አዎ ማለት ነው።

"ናዓም አይደለም፣ ሐጂ! ና!"

"ናዕ?"

"ና! ብቻዋን! ና!"

"ና" አሉ ሽማግሌው። "ና። ና። ና።" ፊደል እንደሚቆጥር ሕፃን ደጋገሙት። ፋንታየም ከጎኔ ቆማ አብራ "ና፣ ና" ትላለች። ከዚያ ከስልኩ ውስጥ አንድ ትልቅ ድምፅ መጣ፣ መስመሩም ጠፋ። መልሼ ደወልኩ። አይጠራም። ደወልኩ። እስካሁን አይጠራም።

ማታ እማየ ከቁይ ስትደውል ሁሉንም ነገርኳት። በሕይወት አለ ስላት እልል አለች። የት እንዳለ ስነግራት እልልታዋን አቋረጠችው። "ና በሉት ብያለሁ፣ እማየ" አልኳት፣ "በአማርኛ፣ ቃሉን እንዳይስተው አድርጌ።"

 

"ታዲያ" አለችኝ፣ "ያ ልጅ ና ሲሉት መቼ መጥቶ ያውቃል?"